ማሽኑ ሲሳሳት ማን ያውቃል? «ሰርቮ ለእኛ ወርክሾፕ ቅንጦት ነው» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ተክለ ሃይማኖት ካለችው የጥገና ክፍሌ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ቴክኒክና ሙያ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከአክስቱ ጋር ሽሮና በርበሬ እያዘጋጁ ይሸጣሉ። እስካሁን በእጃቸው ነበር የሚያሽጉት፤ አሁን የማሸጊያ ማሽኑን ራሱ ሊሠራ ተነስቷል። «ጋሼ፣ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አለኝ። ስልኩ ላይ የነበረው ሰርቮ ለእኛ ሀገር ወርክሾፕ ቅንጦት ነው የሚል ጽሑፍ ነው። የያዘው ገንዘብ የአክስቱ ዕቁብ ስለሆነ በችኮላ አልመለስኩለትም። ማታ ቤቴ ገብቼ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ሰርቮ ስሙ የገነነ ውድ ሞተር ብቻ ነው። ስቴፐር፣ ማለትም እርምጃ በእርምጃ የሚዞረው ሞተር፣ ያንኑ ሥራ በሩብ ዋጋ ይሠራል። አየር በነጻ የሚገኝ ስለሆነ የቀረውን እንቅስቃሴ በሲሊንደር መጨረስ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ተራ ሞተር ሲቆይ ሰርቮ ይቃጠላል። ጥርጣሬ ካለ ተለቅ ያለ ሞተር መግዛት ነው። ማስተካከሉ ደግሞ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ዓላማቸው ወጣቱ ገንዘቡን እንዳያባክን መሆኑ ይገባኛል፤ አንዳንዱ ላይም እስማማለሁ። ልጁ እንዳለ ቢከተላቸው ግን ዕቁቡ ያልቃል፣ ማሽኑም አይሠራም። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰርቮ የሞተር ዓይነት አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው አገልጋይ ማለት ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦዜፍ ፋርኮ እ.ኤ.አ. በ1873 ሰርቮ ሞተር ብሎ ሲጽፍ ኤሌክትሪክ አልነበረም የያዘው፤ የመርከብ መሪ የሚያዞር የእንፋሎት ሞተር ነበር። መሪ ያዡ በእጁ የፈለገውን ያህል ያዞራል፤ እንፋሎቱ ከባዱን መሪ እስከዚያው ድረስ ብቻ ይገፋና ሲደርስ ራሱን ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ተለዋወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። የታዘዘው ቦታና የተደረሰበት ቦታ ይነጻጸራሉ፤ ልዩነት እስካለ ድረስ ሞተሩ ይሠራል።

ዛሬ ገበያ ላይ ሰርቮ ተብሎ የሚሸጠው ሦስት ነገር ነው፦ ባለማግኔት ሞተር፣ ከሞተሩ ጀርባ ተገጥሞ ዘንጉ ስንት እንደዞረ የሚቆጥር ኢንኮደር፣ ለሞተሩ ኤሌክትሪኩን እየመጠነ የሚሰጥ ድራይቭ። ድራይቩ ውስጥ ሦስት ተቆጣጣሪዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ይሠራሉ። የውስጠኛው ከረንቱን ይጠብቃል፤ ከረንት ማለት እዚህ ላይ ቶርክ፣ የማዞር ጉልበት ማለት ነው። መካከለኛው ፍጥነቱን፣ የውጭኛው ቦታውን ይጠብቃል። የውጭኛው ስህተት ሲያይ መካከለኛውን ያዘዋል፣ መካከለኛውም የውስጠኛውን። የውስጠኛው በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ነው የሚፈትሸው። ያን ሁሉ ዋጋ ያወጣው መዳቡና ማግኔቱ ብቻ አይደለም፤ ይህ ያለማቋረጥ መጠየቅ ነው። ተራውን ባለ 4 ፖል ሞተር ውሰዱ። በእኛ 50 ኸርዝ በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞር መግነጢስ ይከተላል፤ ጭነት ሲይዝ 1440 አካባቢ ላይ ይቀራል። ስንት ላይ እንደቀረ የሚጠይቀውም፣ የሚያውቀውም የለም። በዚያው ሞተር ጀርባ ኢንኮደር ገጥማችሁ ተስማሚ ድራይቭ ብትሰጡት ግን የሰርቮን ሥራ ይሠራል። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ሊፍት ስትገቡ፣ ሰው ሞላም አልሞላም ወለሉ ከደጁ እኩል ሆኖ የሚቆመው ቦታውን የሚጠብቅ ስላለ ነው። ሰርቮ ወይስ ሞተር ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። የሚጠየቀው፣ ማሽኑ ሲሳሳት ማን ያውቃል የሚለው ነው።

ይህን ይዘን ወደ ስቴፐር እንሂድ፤ ጸሐፊው በጣም የተማመኑት በእሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ፒያሳ ማስታወቂያ ይሠራ የነበረ ደንበኛ አለኝ። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ ወደ መርካቶ ዞሯል። ፊደል የሚቆርጥበት ራውተር በሦስቱም አቅጣጫ ስቴፐር ነው። አንድ ቀን የተበላሸ አክሪሊክ ተሸክሞ መጣ። «ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ ነው። «ምግብ» አንድም እንከን የለበትም። «ቤ» ላይ ሲደርስ ግን አንዱ እግር ከሌላው 3 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተቆርጧል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያችው 3 ሚሊ ወርዶ ቀጥሏል። ማሽኑ እስከ መጨረሻው ሠርቶ፣ ወደ መነሻዬ ተመለስኩ ብሎ ቆሟል። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ስህተት አልተመዘገበችም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ሒሳቡ ግልጽ ነው። የተለመደው ስቴፐር በአንድ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ይዞራል፤ ሙሉ ዙሩ 200 እርምጃ ነው። የደንበኛዬ ማሽን ቦልስክሩ (የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ግፊት የሚቀይረው ጠመዝማዛ ዘንግ) በአንድ ዙር 5 ሚሊ ስለሚገፋ አንድ እርምጃ 0.025 ሚሊ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ክፍል፣ ሮተሩ፣ 50 ጥርስ አለው። ጭነቱ ሲያሸንፈው አንድ እርምጃ ብቻ አይስትም፤ አንድ ጥርስ ሙሉ ይዘልና ቀጣዩ ላይ ይቀመጣል፤ ያ አራት እርምጃ ነው፣ 0.1 ሚሊ። 3 ሚሊ ማለት 30 ጥርስ ዘሏል ማለት ነው። ያሸነፈው ምን ነበር? ሀዲዱ ላይ የተጋገረ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት) ብናኝ ነው፤ ሠራተኛውም ትእዛዝ ስለበዛበት ፍጥነቱን ጨምሮ ነበር። የስቴፐር ጉልበት ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ቆሞ ሲይዝ የሚሰማችሁ ጥንካሬ ሲሮጥ አብሮት የለም።

ደንበኛዬ ሦስቱንም ሞተር ወደ ሰርቮ ሊቀይር ተዘጋጅቶ ነበር። አልቀየርንም። ሀዲዱን አጽድተን ቀባነው፣ አነሳሱን በግማሽ አለዘብነው፣ ይኸው እስካሁን ይቆርጣል። ስለዚህ ስቴፐር መጥፎ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ጭነቱ የታወቀና የማይለዋወጥ ከሆነ፣ ወይም ስህተቱን ሌላ ነገር የሚያርመው ከሆነ፣ ስቴፐር ይበቃል። የበርበሬው ነገር ግን ሌላ ነው። ዱቄቱን ወደ ከረጢቱ የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት በስንት ዙር ስንት ግራም እንደሚያወርድ ተቆጥሮ ነው የሚሠራው። በርበሬ በበጋ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ይጓጉላል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጠመዝማዛው ያን ጊዜ ሲጨናነቅ ስቴፐሩ ጥርስ ይዘላል፤ ከረጢቱ ጎድሎ ይወጣል፣ ይታሸጋል፣ ካርቶን ውስጥ ይገባል። የሚያውቀው ሚዛን ያላት ደንበኛ ናት። ሰርቮ ቢሆን መጀመሪያ ጉልበት ይጨምራል፤ ብዙዎቹ ለጥቂት ሴኮንድ ከመደበኛ ቶርካቸው እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ይሰጣሉ። ካልቻለም ኋላ መቅረቱን አይቶ ማሽኑን ያቆማል። አንድ ሰው «ኢንኮደር ያለው ስቴፐርም አለ» ይለኝ ይሆናል። አለ፣ ጥሩም ነው። ግን እሱን ሲገዛ ሰርቮ ገዛ፤ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ተመለስን ማለት ነው።

አየር በነጻ ነው የሚለውን አጠር ላድርገው። አየር በነጻ ነው፣ የታመቀ አየር ግን አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ሥራ ሆኖ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፣ በየመጋጠሚያውም ይሾልካል። 3 ሚሊ የምታህል አንዲት ቀዳዳ በ6 ባር 3 ኪሎዋት ገደማ ትበላለች። ማሽን በማይሠራበት እሑድ ጠዋት ኮምፕሬሰር ራሱ ሲነሳ የሰማ ሰው ያን ክፍያ በጆሮው ሰምቷል። በዚያ ላይ እኛ ያለነው 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚውጠው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። በቫኪዩም ላስቲክ ካርቶን የሚያነሳ ሰውም ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን አያገኝም፤ የሚይዘው የውጭው አየር ግፊት ነውና ሩቡ የለም። የሲሊንደሩ ጉልበት ራሱ አይቀንስም፤ 50 ሚሊ ስፋት ያለው በ6 ባር 120 ኪሎ ያህል ይገፋል፣ ባሕር ዳርቻም እዚህም። ለመግፋትና ለመመለስ፣ ለሁለት ቦታ ብቻ፣ ከእሱ የሚሻል የለም። ከረጢቱን በሙቀት የሚያሽጉትን ሁለት መንጋጋዎች ልጁ በሲሊንደር ይሥራ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። መሐል ላይ ቁም፣ ቀስ በል፣ ይህን ያህል ብቻ ግፋ ማለት ሲመጣ ግን ተራ ሲሊንደር ጫፍና ጫፉን ብቻ ነው የሚያውቀው።

መብራት። ጸሐፊው ሀቁን ገልብጠውታል፤ ከሁሉም በላይ የቆረቆረኝም ይኸው ነው። ሞተር የሚጠመጥሙ ጎረቤቶች አሉኝ። በራቸው ላይ የተደረደረው የተቃጠለ ሞተር ሁሉ ተራ ባለሦስት ፌዝ ሞተር ነው። አንዱ ፌዝ ይጠፋል፤ ሞተሩ በሁለቱ እየተንገዳገደ ይቀጥላል፣ ከረንቱ ይጨምራል፣ ጥቅሉ ይጠቁራል። ከረንት ሲበዛ የሚያቋርጠው ኦቨርሎድ ሪሌ ካልተገጠመለት፣ ወይም ተገጥሞ ልኬቱ እስከ መጨረሻው ከተጠመዘዘ፣ ጭሱን እስክናሸት የሚነግረን የለም። ደህና የሰርቮ ድራይቭ ፌዝ ሲጎድል፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም ሲወጣ አይቶ ይቆማል፣ የስህተቱንም ቁጥር ይጽፋል። ቆመብኝ ተብሎ የሚማረርበት ድራይቭ ብዙ ጊዜ ራሱንና ሞተሩን ያዳነ ነው።

መብራት ሲሄድ የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የብረት በር የሚሠሩበት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ከላይ ወደ ታች የሚሠራ 25 ኪሎ ያህል የመሰርሰሪያ ጭንቅላት ነበራቸው። ዕቃውን ያቀረበው ሰው ዋጋ ለመቀነስ ሞተሩን ፍሬን የሌለውን መርጦላቸዋል። መብራት ሄደ፤ ጭንቅላቱ 40 ሴንቲ ቁልቁል ወረደ። ሠራተኛው ስልክ ጠርቶበት እጁን ያነሳው በዚያችው ቅጽበት ነበር። ስደርስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ላይ ጓንቱ ከሥሩ ተቸንክሮ ይታያል። ቦልስክሩ እንደ መኪና ክሪክ አይደለም። ክሪክ በፍትጊያው ራሱን ይይዛል፤ ቦልስክሩ ግን ኳስ ላይ ስለሚንከባለል ሞተሩ ሲለቀው ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ለሚሄድ ጭነት ሁሉ ፍሬን ያለው ሞተር ነው የሚገዛው፤ መብራት ሲኖር በ24 ቮልት የሚለቅ፣ ሲጠፋ በስፕሪንግ የሚይዝ። እሱም የቆመውን መያዣ እንጂ የሚሮጠውን ማቆሚያ አይደለም። መብራት ሲመለስ ደግሞ ማሽኑ ራሱ እንዳይነሳ በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ታስሮ፣ ሰው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ይነሳ።

አንድ ነገር እዚሁ ላስገባ፤ ብዙ ሰው ተበልቶበታል። አብሶሉት ኢንኮደር ያለው ሰርቮ መብራት በሌለበትም ስንት ዙር እንደዞረ የሚያስታውሰው፣ ብዙዎቹ ላይ፣ በ3.6 ቮልት ባትሪ ነው። ባትሪው ደከመ የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ማሽኑን አጥፍታችሁ ከቀየራችሁት ማስታወሻው ይጠፋል፤ መነሻውን እንደገና መፈለግ ነው። የሚቀየረው የድራይቩ መቆጣጠሪያ ክፍል ኤሌክትሪክ እንዳለው ነው። ለሌላ ሥራ ሽፋን የምትከፍቱ ከሆነ ግን አጥፉ፣ ቻርጅ የምትለዋ መብራት እስክትጠፋም ጠብቁ፤ በ220 ቮልት ድራይቭ ውስጥ ያለው ካፓሲተር 311 ቮልት ያህል ይዞ ይቆያል።

ጥርጣሬ ካለህ ትልቅ ግዛ ለሚለው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ ሚኒባስ አስቡ። ባዶውን ሲሆንና 12 ሰው ጭኖ ሲሆን ሾፌሩ ፍሬኑን እኩል አይረግጥም፤ ክብደቱን እግሩ ለምዶታል። ድራይቭም እንዲሁ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ጭነት ከሞተሩ ሮተር ጋር ሲነጻጸር በጣም ከበዛ ሞተሩ ጭነቱን ሳይሆን ጭነቱ ሞተሩን ይነዳዋል። በልማድ የጭነቱ ኢነርሺያ፣ ማለትም ለመነሳትም ለመቆምም የማስቸገሩ መጠን፣ ከሮተሩ 10 እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህን የምታገኙት ዋት በመጨመር ብቻ አይደለም። 5 ለ 1 ጊር ቦክስ ስታስገቡ ሞተሩ የሚሰማው የጭነት ኢነርሺያ በ25 ይካፈላል፤ የጊሩ 5 በራሱ ተባዝቶ ነውና። ትልቁን ሞተር የገዛ ሰው ትልቅ ድራይቭ፣ ትልቅ ገመድ፣ ትልቅ ብሬከር ይገዛል፤ ቶሎ ቶሎ ለሚነሳና ለሚቆም ማሽን ደግሞ የራሱን ሮተር ሲያስነሳና ሲያቆም ጉልበቱን ይጨርሳል።

ያም ሆኖ ጸሐፊው ሳያነሱት ያለፉት፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ የሚያስፈልግበት ምክንያት በከተማችን አለ። የሞተር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ብዙ የድራይቭ አምራቾች በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ፤ ለእኛ 14 በመቶ መሆኑ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት አይወስድምና። እውነት ለመናገር ቅዝቃዜያችን ያግዘናል፤ ሰሌዳው የታሰበው ለ40 ዲግሪ ነው፣ አዲስ አበባ ያን አታውቅም። ሞተሩ ክፍት ቦታ ከሆነ ብርዱ ከፍታውን ያካክሰዋል። ድራይቩ ግን ማራገቢያ በሌለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ እጄን አስገብቼ የማወጣው ሳጥን ሞልቷል። እዚያ ውስጥ አዲስ አበባ የለችም።

የመጨረሻው ማስተካከል ነው። አውቶ ቱኒንግ (ድራይቩ ራሱን እንዲያስተካክል) የምትለዋን ቁልፍ እኔም እጫናለሁ፣ መነሻ ትሰጣለች። ግን የተሠራው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። መሐንዲሱ ኒኮላስ ሚኖርስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 የመርከብ መሪ ያዦችን ተመልክቶ ያስተዋለው ይህን ነበር፦ ጎበዝ መሪ ያዥ አሁን ስንት ዲግሪ እንደሳተ ብቻ አይደለም የሚያየው። በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነም ያያል፤ ንፋስ ገፍቶት ለረጅም ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሲስት እንደቆየም ያስታውሳል። ዛሬ ፒአይዲ የምንላቸው ሦስት ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። ቁልፏ እነዚህን ቁጥሮች ታወጣለች፤ ብረቱን ግን አታጠብቅም። አንድ ጊዜ ሦስት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጫናት የዋለ ማሽን አግኝቻለሁ፤ በተነሳ ቁጥር ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ያሰማል። አንዱ ቁጥሩን ዝቅ ሲያደርገው ይፈዛል፣ ሌላው ከፍ ሲያደርገው ይጮኻል። አጥፍቼ ዘንጉን በእጄ ወዲህና ወዲያ አልኩት፤ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሞተሩንና ስክሩውን የሚያገናኘው ኩፕሊንግ ላይ ያለችው ትንሽ ቡሎን ላልታለች። ኢንኮደሩ ያለው ሞተሩ ጀርባ ስለሆነ የሞተሩን እንጂ የጭነቱን አያውቅም፤ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚያውቀው እጅ ነው። አጠበቅናት፣ ቁልፏን አንዴ ተጫንን፣ ፉጨቱ ጠፋ።

ለልጁ ያልኩት ይህ ነው። ማሽኑ አራት እንቅስቃሴ አለው። መንጋጋው በአየር ይሁን። የታሸገውን የሚያወጣው ቀበቶ ተራ ሞተር ከጊር ቦክስ ጋር ይበቃዋል፤ ሁለት ሴንቲ ቢዘገይ ማንንም አይጎዳም። ፕላስቲኩን የሚስበው ስቴፐር ይሁን፤ ፕላስቲኩ ላይ የታተመችውን ጥቁር ምልክት የምታይ ሴንሰር ስላለች አንዱ ከረጢት ላይ የሳተው ቀጣዩ ላይ ይታረማል። ሰርቮ አንድ ብቻ ይገዛ፣ እሱም ለጠመዝማዛው። ጸሐፊው ምንም አትግዛ ያሉት፣ ዕቃ አስመጪው ደግሞ አራት ግዛ ያለው ልጅ አንድ ይዞ ይሂድ።

መጠኑን ገና አልወሰንም። ቅዳሜ ጠመዝማዛውን ከነቋቱ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ደግሞ እርጥበት የጠጣ። ዘንጉ ላይ 20 ሴንቲ ክንድ እናስራለን፣ ጫፉን በሚንጠለጠል ሚዛን እንስባለን። 3 ኪሎ ላይ ቢንቀሳቀስ 5.9 ኒውተን ሜትር ነው፤ በ5 ለ 1 ጊር ከሞተሩ 1.2 ያህል ይጠይቃል፣ የጊሩ ኪሳራ ሳይታሰብ። የ400 ዋቱ በ3000 ዙር 1.27 ነው ያለው፤ የ750ው 2.39። ደረቁ በ400 ሊሄድ ይችላል። የረጠበው ስንት እንደሚስብ ቅዳሜ እናያለን።